የግራ ደረቱ ለምን ነጣ? በጎንደር የታየ የከፋ የሳንባ ቲቢ እና የሲቲ ስካን ምስሉ

በሽተኛው የ38 ዓመት ሰው ነው። ቤቱ ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ በኩል ካሉት የገጠር ቀበሌዎች በአንዱ ሲሆን፣ በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ አጨዳው ሲያልቅ ተመልሶ የራሱን ማሳ ይሰበስባል። ማንነቱ እንዳይታወቅ ለነገሩ የማያስፈልጉ ዝርዝሮችን ትቻለሁ። የሕክምና ታሪኩ ግን ከነውጣ ውረዱ መነገር አለበት ብዬ አምናለሁ። ሲቲ ስካን ማዘዝ እየተለመደ ነው፤ ከባድ ቲቢ ባለበት ሰው ላይ ምስሉ የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስና የትኛውን እንደማይመልስ ግን ብዙ ጊዜ ሳናስብበት እናዛለን።

ወደ ድንገተኛ ክፍል የገባው ጥር ላይ ነው። ሳሉ ከጥቅምት ጀምሮ ነበረ። ማታ ማታ ያልበዋል፣ የምግብ ፍላጎቱ ጠፍቷል፣ ሱሪው ከወገቡ አልይዝ ብሎት በገመድ አስሮታል። ከአጨዳ እንደተመለሰ ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝቶ ዋጠ፤ "የሳንባ ምች ነው" ብለውት ነበር። ትንሽ ቀለል ሲለው ተወው፤ ሲብስበት ጸበል ገባ። ጸበሉን የማነሳው ለመውቀስ አይደለም። በየጸበሉ ቦታ "መድኃኒታችሁንም ዋጡ" የሚሉ አባቶች አሉ፤ የእነሱ አንድ ቃል ከእኛ ብዙ ምክር ይበልጣል። እኔን የሚያስጨንቀኝ የሚያስል ሰው ከብዙ ሕመምተኛ ጋር በአንድ ጠባብ ክፍል ማደሩ ነው፤ በሰሊጥ እርሻው መጠለያም ነገሩ ያው ነው።

ከገና በኋላ አክታው ላይ ደም ታየ። በመጨረሻው ሌሊት ከአንድ የሻይ ብርጭቆ የሚበልጥ ንጹሕ ደም አሳለ። ታናሽ ወንድሙ ይዞት ሲመጣ ክብደቱ 43 ኪሎ ነበር፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ72 ነው። የደሙ የኦክስጅን መጠን 84 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍታ በላይ ያለች ከተማ ስለሆነች የጤነኛውም ሰው ቁጥር ከቆላው ትንሽ ዝቅ ይላል፤ 84 ግን በደጋም ቢሆን ዝቅተኛ ነው። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ትንፋሹ እንዳጠረው ወንድሙም አስተውሏል።

አንድ ነገር ዘግይቶ ወጣ። ከአምስት ዓመት በፊት የቲቢ መድኃኒት ጀምሮ ነበር። ወንድሙ ነው የነገረን፤ "ጋሼ ተሽሎት ነበር እኮ። በሦስተኛው ወር የአረም ጊዜ ደረሰ፤ መድኃኒቱን ያን ጊዜ ነው የተወው" አለ። በሽተኛው ራሱ አልካደም፤ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። እንዲህ ያለውን ሰው መቆጣት አይገባም። ለስድስት ወር በየቀኑ መድኃኒት መዋጥ ቤቱ በእጁ ጉልበት ለሚተዳደር ሰው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አይተናል። ግን ያቺ ሦስተኛ ወር የዛሬውን ሁሉ ትገልጻለች፤ ቀጥሎ የማወራው ምስል ላይም ቁልጭ ብላ ትታያለች።

የነጣው ራጅ

በእጁ የያዘው የአንድ ክሊኒክ የሪፈር ወረቀት "በግራ ደረቱ ብዙ ውሃ ቋጥሯል፤ በመርፌ ይቀዳ" ይላል። አብሮት የመጣው ራጅ የግራ ደረቱን ከላይ እስከ ታች ነጭ አድርጎ ያሳያል። በቀኝ በኩል ከአንገት አጥንቱ ሥር ደመና የመሰለ ጥላ አለ፤ በመሃሉ ክብ ጥቁረት ይታያል።

አንድ ወገን ሙሉ በሙሉ ሲነጣ ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ ውሃ ነው፤ ብዙ ጊዜም እውነት ይሆናል። ነገር ግን ከመርፌው በፊት የአየር ቧንቧው ወዴት እንደሄደ መታየት አለበት። ብዙ ውሃ ደረት ውስጥ ሲጠራቀም ቧንቧውንና ልብን ወደ ጤነኛው ወገን ይገፋል። ሳንባው ራሱ ኮስሶና ጠባሳ ሆኖ ሲጨማደድ ግን በተቃራኒው ወደ ታመመው ወገን ይስባል። በዚህ ሰው ራጅ ላይ ቧንቧው ወደ ግራ ተስቧል። የግራው የጎድን አጥንቶችም ተጠጋግተዋል። ውሃ ቢሆን ኖሮ ይራራቁ ነበር።

መርፌው ቀረ። አልጋው ላይ እንዳለ አልትራሳውንድ ተደረገለትና የሚቀዳ ውሃ እንደሌለ ተረጋገጠ፤ የተወፈረ የሳንባ ሽፋን ብቻ ታየ። አልትራሳውንድ ርካሽና ፈጣን ነው፤ ለውሃ ጥያቄ ከሲቲ ስካን በፊት መቅደም ያለበትም እሱ ነው። አየር ያለበትን ቦታ ግን አያሳይም፤ ከሽፋኑ ጀርባ ያለው ጉድ አልታየንም።

አክታው

በዚያው ዕለት አክታው ለጂን ኤክስፐርት ተላከ። ይህ ምርመራ የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው ሲሆን ባክቴሪያው መኖሩንና ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት መላመድ አለመላመዱን፣ ማለትም መድኃኒቱ ሊገድለው መቻል አለመቻሉን፣ በሁለት ሰዓት ገደማ ይናገራል። ውጤቱ "ባክቴሪያው በብዛት አለ፤ ሪፋምፒሲንን አልተላመደም" የሚል ሆነ። ቀድሞ መድኃኒት ጀምሮ ያቋረጠ ሰው ስለነበረ መላመዱን በብርቱ ጠርጥረን ነበር፤ እፎይ አልን። ከዚህ ቀደም የታከመ ሰው ላይ ጂን ኤክስፐርት የሞተ ባክቴሪያንም ቅሪት ሊያነብ ስለሚችል በማይክሮስኮፕም ታየ፤ ባክቴሪያው በማይክሮስኮፕም ተገኘ። ባክቴሪያውን በላብራቶሪ አሳድጎ ለሚያየው ለካልቸር ምርመራም ናሙና ተላከ። የኤችአይቪ ምርመራው ነጻ፣ ስኳሩም ደህና ነበር።

ስለዚህ የበሽታው ስም ሲቲ ስካን ከመነሣቱ በፊት ታውቋል። ሕክምናውም በዚያው ቀን ተጀምሯል፦ አራቱን መድኃኒት አንድ ላይ የያዘው እንክብል፣ ለ43 ኪሎ ሰው በቀን ሦስት። ይህን ቅደም ተከተል የማጠብቅበት ምክንያት አለኝ። "ሲቲ ስካኑ ይምጣና እንወስናለን" ተብሎ አክታው ያልተመረመረ፣ መድኃኒቱም የዘገየ ሕመምተኛ የትም ይገኛል። የአክታ ምርመራውና የቲቢ መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው፤ ሲቲ ስካኑ ገንዘብ ይጠይቃል። የዚህን ሰው የከፈለው ታናሽ ወንድሙ በግ ሸጦ ነው።

ታዲያ ሲቲ ስካን ለምን አስፈለገ?

ሕክምና በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ደሙ እንደገና መጣ። ትኩሳቱ እየቀነሰ፣ መድኃኒቱም እየሠራ ነበር፤ ደሙ ግን አልቆመም። ከዚህ በኋላ የነበረን ጥያቄ "ቲቢ ነው ወይስ አይደለም?" የሚል አልነበረም። ደሙ ከየት ነው የሚመጣው? ሊፈነዳ የቀረበ የደም ሥር አለ? ቲቢው ሳንባው ውስጥ በቆፈረው ዋሻ ፈንገስ አድጓል? ደሙ ካልቆመ ግራ ሳንባውን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ይቻላል? ለዚህ ደግሞ ቀኙ ሳንባ ብቻውን ሊያኖረው ይችላል?

ከራጅ እነዚህን ማግኘት አይቻልም። ራጅ የደረቱን ሁሉ በአንድ ጠፍጣፋ ምስል ላይ ደራርቦ ያሳያል። ቲቢ የሚወደው የሳንባ ጫፍ ከአንገት አጥንትና ከመጀመሪያው ጎድን ጀርባ ይደበቃል። ሲቲ ስካን ግን ደረቱን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ በሆኑ ስስ ንብርብሮች ለይቶ ያሳያል፤ እያንዳንዱ ነጥብም በሃውንስፊልድ መለኪያ ቁጥር አለው። አየር ከዜሮ በታች 1,000፣ ውሃ ዜሮ ነው። መሣሪያውን የፈለሰፈው ጎድፍሬ ሃውንስፊልድ በ1979 እ.ኤ.አ. ከአለን ኮርማክ ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘበት ሥራ ነው። የጨረሩ መጠን ከአንድ የደረት ራጅ በብዙ አሥር እጥፍ እንደሚበልጥ ግን አይዘነጋ፤ ያለ ጥያቄ የሚታዘዝ ነገር አይደለም።

የደም ሥሮቹ እንዲታዩ በደም ሥር የሚሰጥ ኮንትራስት የሚባል ፈሳሽ ስላስፈለገ አስቀድሞ የኩላሊቱ ሥራ ተለካ። ተራው የዕለቱ መጨረሻ ላይ ተደረገ፤ ከእሱ በኋላ ክፍሉ በደንብ አየር እንዲያገኝ ነው። እሱ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ቴክኒሻኑ ኤን 95 የሚባለውን ልዩ መሸፈኛ አደረጉ። ከባዱ ነገር ትንፋሽ መያዙ ነው። ደም የሚያስል፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው በጀርባው ተንጋሎ ትንፋሹን ያዝ ሲባል ይጨነቃል፤ ቢያስል ምስሉ ይደበዝዛል። ቴክኒሻኑ አላጣደፈውም። አጠገቡ ቆሞ "ወንድሜ፣ ቀስ ብለህ ሳብ… ያዝ… በቃ፣ ልቀቀው። ጎበዝ!" እያለ ደጋግሞ አለማመደው። ከዚያ ማሽኑን ከታች ወደ ላይ እንዲሄድ አደረገው፤ ስንተነፍስ ይበልጥ የሚንቀሳቀሰው የሳንባው የታችኛው ክፍል ስለሆነ፣ ትንፋሹን መያዝ በሚችልበት በመጀመሪያው ቅጽበት የታችኛው ክፍል እንዲያልቅ ነው። ምስሉ ጥርት ብሎ ወጣ። ጥሩ ሪፖርት የሚጀምረው ከእንዲህ ያለው ቴክኒሻን ነው።

ምስሉ ያሳየን

ከግራው እንጀምር። ነጭ ሆኖ የታየው ወገን ሳንባ የሚባል ነገር ብዙም አልቀረበትም። የላይኛው ክፍል እርስ በርሳቸው የተገናኙ ወፍራም ግድግዳ ያላቸው ዋሻዎች ሆኗል፤ ሐኪሞች ካቪቲ የምንላቸው ናቸው። የታችኛው ክፍል ደግሞ የአየር ቧንቧዎቹ እየሰፉ፣ በመካከላቸው የነበረው ጤነኛ ሥጋ አልቆ፣ ልክ እንደ እንጀራ ዐይን ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኗል። ይህ ብሮንኪኤክታሲስ ነው። ከዚህ ሁሉ ዙሪያ የሳንባ ሽፋኑ ወፍሮ አንዳንድ ቦታ ካልሲየም ይዟል። ካልሲየም የዓመታት ሥራ ነው፤ በሦስት ወር ሳል አይመጣም። ከአምስት ዓመት በፊት የተቋረጠው ሕክምና እዚህ ላይ ተጽፏል ማለት ይቻላል።

ሳንባው ሲጨማደድ ባዶውን ቦታ ለመሙላት ጎረቤቱ ሁሉ ተስቦ መጥቷል። ልቡ ወደ ግራና ወደ ኋላ ተስቧል፤ የቀኙ ሳንባ ከፊት በኩል መሃል ደረቱን አልፎ ወደ ግራ ገብቷል፤ ደረትንና ሆድን የሚለየው ድያፍራሙም ሽቅብ ተነሥቶ ጣፊያውን ይዞት ወጥቷል። ውሃ ለመቅዳት መርፌ በሚገባበት በጀርባ በኩል፣ ከትከሻው አጥንት በታች ያለውን ቦታ በምስሉ ላይ ለካን። ከቆዳው ሥር፣ ከወፈረው ሽፋን ቀጥሎ ያለው ጣፊያው ነው፤ ጥቂት ከፍ ብሎ ደግሞ የልቡ ግድግዳ ከሦስት ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ይገኛል። ተለማማጅ ሐኪሞች ምስሉን ሲያዩ አንዱም አልተናገረም። አሁን ወገኑ የነጣ ራጅ ባዩ ቁጥር መጀመሪያ የሚፈልጉት የአየር ቧንቧውን ነው።

ወደ ቀኙ እንሂድ፤ ተስፋውም ሥጋቱም ያለው እዚያ ነው። በላይኛው ክፍል፣ ወደ ኋላ በሚገኘው ክፍልፋይ ውስጥ አራት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ዋሻ አለ። ግድግዳው ሰባት ሚሊ ሜትር ወፍሮ ወጣ ገባ ሆኗል፤ ዙሪያውን ሳንባው ጠጥሯል። የላይኛው ክፍል ጫፍና ጀርባ እንዲሁም የታችኛው ክፍል አናት ቲቢ ዋሻ የሚቆፍርባቸው የታወቁ ቦታዎች ናቸው። ዋሻው የሚፈጠረው በበሽታው የሞተው አይብ መሰል ሥጋ ቀልጦ በአየር ቧንቧ ሲወጣ ነው። ያን ጊዜ አየር ወደ ውስጥ ይገባል፣ ባክቴሪያውም ኦክስጅን አግኝቶ ይራባል። ወፍራም ግድግዳ ያለው ዋሻ ያለበት ሰው አክታው በባክቴሪያ የተሞላ፣ ለቤተሰቡም ይበልጥ የሚያሰጋ የሚሆነው ለዚህ ነው። መድኃኒቱም ወደ ሞተው ሥጋ በቀላሉ አይዘልቅም።

ከዚህ ዋሻ በታች፣ በመካከለኛውና በታችኛው ክፍል፣ ከሁለት እስከ አራት ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ትንንሽ ነጥቦች በስስ መስመሮች ጫፍ ላይ ተደርድረው ይታያሉ። ራዲዮሎጂስቶች ትሪ ኢን በድ ይሉታል፤ እንቡጥ ያወጣ ቅርንጫፍ ስለሚመስል ነው። የዋሻው ዝቃጭ በአየር ቧንቧ ወርዶ ትንንሾቹን ቱቦዎች ሲሞላ የሚፈጠር ምልክት ነው። ራጁ ላይ ይህ ጨርሶ አልታየም። በከፋ ቲቢ ይህ ምልክት በሽታው አሁን ሕያው ሆኖ ከአንዱ የሳንባ ክፍል ወደ ሌላው እየተሰራጨ መሆኑን ይጠቁማል። ይጠቁማል እንጂ አያረጋግጥም፤ ሌሎች ኢንፌክሽኖችም፣ ወደ ሳንባ የገባ ትውከትም ያንኑ ሊያሳዩ ይችላሉ። በታችኛው ክፍል ላይ በስሱ የተበተነው ብዥታ ደግሞ ሲያስል ወደዚያ የወረደ ደም ሳይሆን አይቀርም ብለናል።

የሌለውንም መናገር የሪፖርቱ ግማሽ ነው። በደም የተሰራጨ ቲቢ ቢሆን ኖሮ ሳንባው ሁሉ ከአንድ እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር በሚሆኑ እኩል ነጥቦች ይሞላ ነበር፤ ሚሊያሪ የሚባለው ነው፤ የለም። መሃላቸው የሞተ፣ ዳራቸው ኮንትራስት የያዘ ትልልቅ እጢዎችም የሉም። ኤችአይቪ ኖሮበት የመከላከል አቅሙ በጣም የወረደ ሰው ቢሆን ምስሉ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር፦ ዋሻው ያንሳል፣ እጢውና ሚሊያሪው ይበዛል፤ አንዳንዴም ራጁ ደህና መስሎ ይታያል። ዋሻ የሚቆፍረው የሰውነቱ መከላከያ ከባክቴሪያው ጋር ሲታገል ነውና፣ ዋሻ አለመኖሩ ቀላል በሽታ ነው ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ደሙ። ያስፈራን ነገር ራስሙሰን የሚባለው የደም ሥር እብጠት ነበር። የዴንማርኩ ሐኪም ፍሪትዝ ራስሙሰን በ1868 እ.ኤ.አ. የገለጸው ነው፤ ዋሻው የሳንባ ደም ቅዳ ግድግዳን እየሸረሸረ አሳስቶ እንዲያብጥ ያደርገዋል። ከፈነዳ ሰው በደቂቃዎች ሊያልፍ ይችላል። በኮንትራስቱ ሲታይ በዋሻው ግድግዳ ውስጥ እንደ ደም ሥር የሚያበራ ክብ ነገር መፈለግ ነው። የዋሻዎቹን ግድግዳ ሁሉ፣ የግራውንም የቀኙንም፣ በንብርብር ንብርብር አየን። የለም። ያገኘነው ሌላ ነው፤ ከትልቁ የደም ቅዳ ከአኦርታ የሚነሡት የግራ ብሮንካይ ደም ቅዳዎች፣ ማለትም የአየር ቧንቧዎቹን የሚመግቡት፣ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ሰፍተውና ተጠማዝዘው ወደ ተበላሸው ሳንባ ይገባሉ። ስፋታቸው ከሁለት ሚሊ ሜትር ባያልፍ ኖሮ አያሳስቡም ነበር። ብዙ ደም የሚያስል የቲቢ ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚደማው ከእነዚህ ነው፤ ከአኦርታ በቀጥታ ስለሚነሡ ግፊታቸው ከሳንባ ደም ቅዳዎች እጅግ ይበልጣል።

በግራው ትልቁ ዋሻ ውስጥ ግን አንድ ክብ ነገር ተቀምጧል፤ ከላዩ ስስ የአየር ቀለበት አለ። ይህን ያየ ሁሉ "አስፐርጊሎማ" ለማለት ይቸኩላል፤ በአሮጌ የቲቢ ዋሻ ውስጥ የሚያድገው የፈንገስ ኳስ መልኩ ይኸው ነውና። በሆዱ ተኝቶ ጥቂት ንብርብር ብቻ ተነሣና ኳሱ ወደ ታች ተንሸራተተ፤ ይህም ለፈንገስ ኳስ የተለመደ ነው። ነገር ግን ሃውንስፊልዱ 60 ነበር፣ ኮንትራስትም አልያዘም። እንዲህ ያለ ቁጥር የረጋ ደምም ይሰጣል፤ የረጋ ደምም በዋሻ ውስጥ ይንሸራተታል። ሰውየው ደግሞ ለቀናት ደም ሲያስል ከርሟል። በሪፖርቱ ላይ ሁለቱም ተጻፉ፤ አንዱን ብቻ መርጦ መጻፍ ምስሉ ያልተናገረውን ማናገር ይሆን ነበር። የፈንገስ ሕክምናም አልተጀመረም፤ ሪፋምፒሲን የፈንገሱን መድኃኒት ከደም ውስጥ ስለሚያሟጥጠው ሁለቱን አንድ ላይ መስጠት ያለ በቂ ምክንያት የሚደፈር አይደለም።

ከምስሉ በኋላ የተወሰነው

ቀዶ ሕክምና ተተወ። ግራው ወጥቶ ሊያኖረው የሚገባው ቀኝ ሳንባ ገና በሽታው የሚነድበት ነው። ደሙ ካልቆመ የቀረው መንገድ በቱቦ ገብቶ የሰፉትን ደም ቅዳዎች መዝጋት ነበር፤ ለዚህ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት ሊኖርበት ነው። ሊፈነዳ የደረሰ እብጠት ባለመታየቱ እዚሁ ለመጠበቅ ጊዜ አገኘን። በግራ ጎኑ እንዲተኛ ተደረገ፤ የሚደማው ወገን ወደ ታች ሲሆን ደሙ ወደ ተሻለው ሳንባ አይፈስም። የደም መፍሰስን የሚገታው ትራኔክሳሚክ አሲድ ተሰጠው፣ ኦክስጅኑ ቀጠለ፣ ደም ቢያስፈልግ ተብሎ ዘመዶቹ ለገሱ። ቀን በቀን እየቀነሰ ሄዶ በሳምንቱ መጨረሻ ደሙ ቆመ። የቲቢው መድኃኒት አንድም ቀን አልተቋረጠም።

ሌላው ሥራ ከምስሉ ውጭ ነበር። የቀኙ ዋሻና የተሰራጨው ነጥብ ለወራት ባክቴሪያ ሲተነፍስ እንደቆየ ይነግራል፤ ስለዚህ ቤተሰቡ ተጠራ። ባለቤቱ ሳል ነበራት፤ አክታዋ ተመርምሮ ነጻ ሆነ፣ በሁለተኛ ጊዜም እንዲታይ ተደረገ። የሦስት ዓመቷ ሕፃን ምንም ምልክት አልነበራትም፤ ከአምስት ዓመት በታች በመሆኗ የመከላከያ መድኃኒት ጀመረች። ባለቤቱ "ዶክተር፣ እሷ እኮ ደህና ናት፤ ለምን ትዋጥ?" ብላ ጠየቀች። ሕፃን ልጅ ሲይዘው በፍጥነት ወደ አንጎልና ወደ መላ ሰውነት እንደሚሄድ፣ መድኃኒቱም ከዚያ በፊት እንደሚደርስ ተነገራት። ተስማማች፤ መድኃኒቱንም በሰዓቱ የምትሰጠው እሷው ናት። ለእሱ ደግሞ የቀበሌያቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ተነገራት፤ የአረም ጊዜ ሲደርስ መድኃኒቱን ይዞ እንዲሄድ፣ ቆላ ከወረደም በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ እንዲቀጥል የማስተላለፊያ ወረቀት ተዘጋጀለት። እኔ ከምስሉ ሁሉ ይልቅ ሕይወቱን ያተረፈችው ይህች ወረቀት ናት ባይ ነኝ።

ካልቸሩ አድጎ መድኃኒቶቹ ሁሉ እንደሚሠሩ አረጋገጠ። በሁለተኛው ወር መጨረሻ አክታው ነጻ ሆነ፤ በአምስተኛውና በስድስተኛውም እንዲሁ። ክብደቱ 52 ኪሎ ደረሰ።

ሕክምናው ሲያልቅ ያለ ኮንትራስት፣ በአነስተኛ ጨረር አንድ ሲቲ ስካን ተነሣ። ይህ ለሁሉም የቲቢ ሕመምተኛ የሚደረግ አይደለም፤ ለእሱ ያስፈለገው በግራው ዋሻ ውስጥ ስለነበረው ኳስ ነው። ኳሱ የለም፤ ዋሻው ባዶ ነው። የረጋ ደም ነበረ ማለት ነው። በቀኙ የነበሩት ነጥቦች ጠፍተዋል፤ አራት ሴንቲ ሜትር የነበረው ዋሻ ግድግዳው ስስ ሆኖ ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ወርዷል፤ ዙሪያው ጠባሳ ነው። ግራው ግን እንደነበረ ነው፤ አይመለስም። ሲሮጥ፣ ሸክም ሲይዝ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ ወደፊትም ጉንፋን ሲይዘው ከሌላው ሰው ይበልጥ ይጎዳል፤ የሰፉት ደም ቅዳዎችም እዚያው ስላሉ ደም ዳግም ሊያሳየው ይችላል። ይህን ሁሉ ከወንድሙ ጋር አስቀምጠን ነገርነው።

አንድ ሥጋት ነበረን። ነገ ሌላ ቦታ ሄዶ ራጅ ቢነሣ ግራው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ያላወቀ ሐኪም እንደገና "ውሃ ነው" ሊል፣ ወይም ጠባሳውን ብቻ አይቶ ለሦስተኛ ጊዜ የቲቢ መድኃኒት ሊያስጀምረው ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻው ምስል በሲዲ ተገልብጦ ተሰጠው፣ በካርዱም ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንዲህ ተጻፈ፦ "ሙሉ የቲቢ ሕክምና ጨርሷል፤ አክታው ነጻ ነው። የግራ ሳንባው በቀድሞ ቲቢ ጠፍቷል፤ ራጁ ሁልጊዜ ነጭ ይሆናል። ውሃ የለም፤ መርፌ አይግባ፤ ልብና ጣፊያ ወደዚያ ተስበዋል። አዲስ ምልክት ከታየ ከራጁ በፊት አክታው ይመርመር። ደም ካሳለ በአስቸኳይ ይላክ።"